መድኃኒቱ ኃይሉን ሲያጣ ጥፋቱ የማን ነው?



ኤይድስ በሰው ሁሉ ዘንድ እንደ ሞት ፍርድ ይቆጠር የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ የሚገኝበት ሰው መድኃኒቱን በየዕለቱ እየወሰደ ይሠራል፣ ያገባል፣ ልጅ ወልዶ ያሳድጋል፣ ለሽበትም ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የኤይድስ መርሐ ግብር እንዳስታወቀው በ2024 ማብቂያ በዓለም ላይ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት 40.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል 31.6 ሚሊዮን የሚሆኑት ሕክምናውን ያገኙ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአገራችንም መድኃኒቱ በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ለዓመታት ሲረዳቸው ከቆየ በኋላ ኃይሉን የሚያጣባቸው ሰዎች አሉ። የደም ምርመራው ውጤት ይመጣል፤ ለረጅም ጊዜ በምርመራ እንኳ ሳይታይ የቆየው ቫይረስ እንደገና በዝቶ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ከጤና ባለሙያውም፣ ከቤተ ሰቡም፣ ከራሱ ከሕመምተኛውም ልብ አስቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ምን ይሻላል?» የሚል ሳይሆን «ምን አጥፍተህ ነው?» የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ሲያቆም ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞስ ጥፋተኛ መፈለጉ ራሱ ተገቢ ነውን? ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን። ሕመምተኛው ምሥጢሩን ከሐኪሙ ቀጥሎ ለካህኑ ወይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ የሚያካፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእነርሱ የሚሰማው ቃል በማግስቱ መድኃኒቱን እንዲወስድ ሊያበረታው፣ ወይም ጨርሶ እንዲሸሽ ሊያደርገው ይችላል።

ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚላመደው እንዴት ነው?

ስለ ጥፋት ከመናገራችን በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳያውቁ መፍረድ ከፍርዶች ሁሉ የከፋ ነውና። በሕዝብ ዘንድ «ሰውነቱ መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። መድኃኒቱን የሚላመደው የሰውየው ሰውነት ሳይሆን በውስጡ ያለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱም ቢሆን አስቦና ተምሮ የሚያደርገው ነገር የለም።

በብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ እናስብ። ጸሐፊው ሲቸኩል አንዱን ፊደል ይገድፋል፣ ሌላውን ይለውጣል፤ ነገር ግን ከኋላው አራሚ ስላለ ግድፈቱ ይቃናል። ኤች አይ ቪም የሚባዛው ራሱን በመገልበጥ ነው። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ «ፊደል» ያለውን መልእክቱን እየገለበጠ፣ ሕክምና ባልጀመረ ሰው አካል ውስጥ በአንድ ቀን በቢሊዮን የሚቆጠሩ አዳዲስ ቫይረሶችን ያወጣል። ግልባጩን የሚያርምለት ግን የለውም። ስለዚህ ግድፈት ያለባቸው አያሌ ቫይረሶች በየዕለቱ ይወለዳሉ። አብዛኛው ግድፈት የሚጎዳው ራሱን ቫይረሱን ነው፤ አንዳንዱ ግን በአጋጣሚ መድኃኒቱ ቫይረሱን የሚይዝበትን ቦታ ይለውጠዋል።

መድኃኒቱ በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ ቫይረሱ ስለማይባዛ አዲስ ግድፈት የሚፈጠርበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። መጠኑ ሲያንስ ግን፣ ማለትም ሁሉንም ለማገድ ሳይበቃ የሚታገዱትን ብቻ ለማገድ ሲበቃ፣ ግድፈቱ ከመድኃኒቱ ያስመለጣቸው ቫይረሶች ሜዳው ይለቀቅላቸዋል። በግማሽ ታርሞ በተተወ ማሳ ላይ ሥሩ የጠነከረው አረም ብቻ ቀርቶ እንደሚስፋፋ ማለት ነው። ይህ አንድ ጊዜ ከሆነ በኋላ የተለወጠው ቫይረስ በሰውየው አካል ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል እንጂ በቀላሉ አይጠፋም።

የሕክምናው ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የመጀመሪያው መድኃኒት ዚዶቩዲን፣ ብዙዎች ኤ.ዜድ.ቲ. ብለው የሚያውቁት፣ በአሜሪካ በ1987 ተፈቀደ። ይሰጥ የነበረው ብቻውን ስለነበር ተመራማሪዎች በ1989 መድኃኒቱን የተቋቋሙ ቫይረሶችን ከሕመምተኞች እንዳገኙ አስታወቁ። ጉድለቱ አንድ መድኃኒት ብቻውን ለዚህ ጠላት የማይበቃ መሆኑ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት ሲለመድ ነገሩ ተለወጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ቫይረሱ ከአንዱ ቢያመልጥ እንኳ ከሦስቱም በአንድ ጊዜ ማምለጥ እጅግ ያዳግተዋል። የሕክምናው ብርታት የቆመው በዚህ ኅብረት ላይ ነው፤ መጠናቸው በደም ውስጥ ሲያንስ ኅብረቱ ይላላል።

እንግዲህ የነገሩ መነሻ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ማነሱ ወይም አስቀድሞም የማይበቃ መሆኑ ነው። ለዚህ ምክንያት የሚሆነው ግን አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው

በመጀመሪያ ደረጃ የሚታወቀው ምክንያት መድኃኒቱን በየዕለቱ አለመውሰድ ነው። ይህን አንክድም። ነገር ግን «አልወሰደም» የሚለው ቃል በውስጡ ብዙ የተለያዩ ታሪኮችን ይይዛል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ክኒኗ የተገኘ ዕለት ከሥራ እንደምትባረር ስለምታስብ ብልቃጡን ከቤት ውጭ ትሸሽገዋለች፤ እዚያ ለመሄድ ያልቻለችበት ቀን መድኃኒት የማትወስድበት ቀን ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የያዘው መድኃኒት በበረሃ ያልቅበታል። ከነቫይረሱ የተወለደ ተማሪ በአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ፊት ክኒን መዋጥ ያሳፍረዋል። ሌላው የሚበላው ሳይኖረው ክኒኑን ሲወስድ ያቅለሸልሸዋል። አሥራ አምስት ዓመት አንድም ቀን ሳያጓድል ከወሰደ በኋላ ልቡ የሚዝልበትም አለ። መሰልቸት ደግሞ መናቅ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ አንድም ቀን ሳይዘሉ መድኃኒቱ የሚያንስባቸው ሰዎች አሉ። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት ከአንዳንድ የጨጓራ ማስታገሻዎች ጋር አብሮ ሲወሰድ፣ ወይም ያለ ምግብ ከብረትና ከካልሲየም ክኒኖች ጋር ሲወሰድ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች የሚወስዱት ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው በዚያን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይታዘዛል፤ ይህ ካልተደረገ ሕመምተኛው ታማኝ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ያንስበታል። የሕፃናት መድኃኒት ደግሞ በክብደታቸው ልክ የሚለካ ነው፤ ልጁ አድጎ መጠኑ ካላደገ፣ ወይም መራራውን ሽሮፕ ውጦ ካስመለሰው፣ የሚወቀሰው ማን ነው?

በሦስተኛ ደረጃ ገና ከመጀመሪያው መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ የያዛቸው አሉ። እነዚህ ሰዎች ሕክምናውን በጀመሩበት ዕለት ከመድኃኒቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራ ፈት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ኤፋቪሬንዝና ኔቪራፒን ያሉትን የቀድሞ መድኃኒቶች የተላመደ ቫይረስ ሕክምና በሚጀምሩ ሰዎች ዘንድ ከ10 በመቶ በላይ በተገኘባቸው አገሮች የመጀመሪያው መድኃኒት እንዲለወጥ በ2017 ያሳሰበው፣ በ2019ም ዶሉቴግራቪርን ለመጀመሪያ ሕክምና ተመራጭ ያደረገው በአንድ በኩል ስለዚህ ነው።

በአራተኛ ደረጃ ማንም ግለሰብ ሊያቆመው የማይችል መቋረጥ አለ። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተካሄደው ጦርነት የጤና ተቋማት ሲወድሙና መንገድ ሲዘጋ ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸው ተቋርጦባቸዋል። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የኤች አይ ቪ ሕክምና አገልግሎቶች ታውከዋል። መድኃኒት ከመደርደሪያ ላይ ሲጠፋ የሕመምተኛው ጽናት ምን ሊፈይድ ይችላል?

የአንዲት እናት ክኒን

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥያቄያችንን የሚያበራልን የእናቶች ታሪክ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። በዩጋንዳ የተደረገ ጥናት በ1999 አንድ ታላቅ የምሥራች አሰማ። አንዲት ቫይረሱ ያለባት እናት ምጥ ሲጀምራት አንድ የኔቪራፒን ክኒን ብትውጥ፣ ሕፃኑም እንደተወለደ ጥቂት ሽሮፕ ቢሰጠው፣ በዚያን ጊዜ ከነበረው ከሌላው አጭር ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ቫይረሱ ወደ ልጁ መተላለፉ በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። ዋጋው ርካሽ፣ አሰጣጡ ቀላል ስለሆነ አገራችንን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተስፋፋ። በዚያች አንዲት ክኒን የተረፉ ብዙ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው።

ነገር ግን ኔቪራፒን በደም ውስጥ ለብዙ ቀናት እየሳሳ የሚቆይ መድኃኒት ነው፤ ቫይረሱም ከእርሱ ለማምለጥ አንድ ግድፈት ብቻ ይበቃዋል። ስለሆነም ልጃቸውን ባተረፈችው ክኒን ምክንያት በብዙ እናቶች ደም ውስጥ ኔቪራፒንን የተላመደ ቫይረስ ተፈጠረ። እናቶቹ በኋላ ለራሳቸው ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፣ ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱ ኔቪራፒን ከሆነ ሕክምናው ከሌሎቹ የበለጠ ይከሽፍባቸው እንደነበር በአፍሪካ አገሮች ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት አሳየ። አሠራሩም ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ከ2013 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ የሦስት መድኃኒት ሕክምና ጀምረው ዕድሜ ልካቸውን እንዲቀጥሉ ማድረግ ተመራጭ ሆነ።

አሁን እንጠይቅ። የዚህች እናት ጥፋት ምንድን ነው? የታዘዘችውን በታዘዘችበት ሰዓት ዋጠች፤ ልጇንም አተረፈች። ክኒኗን የሰጠቻት አዋላጅስ ምን አጠፋች? በዚያ ዘመን በእጇ የነበረው ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነበር። ጉዳቱ ግን ደርሷል። ከዓመታት በኋላ ያችው እናት የምርመራ ውጤቷ ከፍ ብሎ ሲገኝ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው «መድኃኒትሽን አልወሰድሽም» ብሎ ቢቆጣት፣ የእናትነት ፍቅሯን እንደ በደል ቆጠረባት ማለት ነው። ጉዳት ባለበት ሁሉ በደል አለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም።

ምክንያትና በደል ልዩ ልዩ ናቸው

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ዘወትር እንደምታስተምሩት አንድ ሥራ ከባድ በደል ለመባል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ነገሩ ከባድ መሆን አለበት፣ ሠሪው በሚገባ ማወቅ አለበት፣ በሙሉ ፈቃዱም ማድረግ አለበት። ይህን መለኪያ ለሌላው ኃጢአት ሁሉ እየተጠቀምን ለዚህ ሕመም ሲሆን የምንተውበት ምክንያት የለም። ሕይወትን የሚጠብቅ መድኃኒት መተው በእርግጥ ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን የጨጓራ ማስታገሻው መድኃኒቱን እንደሚያውክ ማንም ያልነገረው ሰው ዕውቀት የለውም። ባሏ እንዳይጥላት ፈርታ በሌሊት ብቻ የምትውጥ፣ እርሱ ሳይተኛ ያደረ እንደሆነ ግን ሳትውጥ የምታድር ሚስት ሙሉ ፈቃድ የላትም። ከእርሷ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ፍርሃቱን በቤቷ ያነገሠው ነው።

ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርት የጠየቁት የማን ኃጢአት እንደሆነ ነበር፤ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታችን ሁለቱንም መልስ እንዳልተቀበለና ወደሚሠራው ሥራ እንደመራቸው ሁላችን እናውቃለን። ጥያቄያቸው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሕመም ሁሉ የበደል ደመወዝ ነው ብለው አስቀድመው ስለ ደመደሙ ነው። ኤች አይ ቪ በአገራችን ከታወቀበት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይኸው ድምዳሜ በብዙ ቤት ተቀምጧል። መድኃኒቱ ሲመጣ ድምዳሜው ጥቂት ተረሳ፤ መድኃኒቱ ሲከሽፍ ደግሞ በሁለተኛ ክስ መልክ ተመለሰ። ሰውየው አስቀድሞ «ለምን ያዘህ?» ተባለ፤ አሁን ደግሞ «ለምን አልዳንክም?» ይባላል።

አንዳንድ አንባብያን በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ይኖራል። «እንዲህ ከተባለ ለመድኃኒቱ ማን ይጠነቀቃል? ማንም ጥፋተኛ ካልሆነ ማንም ኃላፊነት የለበትም ማለት አይደለምን?» ሊሉን ይችላሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በግዴለሽነት መድኃኒቱን የሚጥል፣ ጉዳቱን እያወቀ በመጠጥ የሚዘነጋ ሰው አለና። ለእርሱ መልሱ በኅሊናው ፊትና በምሥጢረ ንስሐ ይገኛል እንጂ በጎረቤት ሸንጎ አይደለም።

ስለ ሌሎቹ ግን በደልና ኃላፊነት አንድ እንዳልሆኑ ማስተዋል ይገባል። በረዶ ማሳውን የመታበት ገበሬ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሆኖም ማሳውን እንደገና ማረስ የእርሱ ኃላፊነት ነው። በደል ወደ ኋላ ተመልክቶ ማን እንዳደረገው ይጠይቃል፤ ኃላፊነት ወደ ፊት ተመልክቶ ማን እንደሚያቃናው ይጠይቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ የከሸፈበት ሰው ምንም ባያጠፋ እንኳ ግዴታዎች አሉበት። የታዘዘውን መድኃኒት ባለው አቅም ሁሉ መውሰድ አለበት። ለሐኪሙ እውነቱን መናገር አለበት። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የእርሱ ብቻ አይደለም። በ2016ና በ2019 የታተሙ ሰፋፊ ጥናቶች እንዳረጋገጡት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ መድኃኒቱ ሲከሽፍ ግን ይህ መከላከያ ይፈርሳል። ስለዚህ የትዳር ጓደኛውን ከአደጋ መጠበቅ የፍትሕ ግዴታው ነው። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ጉልበት የሚያገኘው ግን ሲከሰስ ሳይሆን ሲታገዝ ነው።

ፍርድ እውነትን ያሸሻል

ክስ ፍትሕን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም እንደሚጎዳ ለማየት ሁለት ሕመምተኞችን እናስብ። አንደኛው ብዙ ቀን ዘልሏል፤ ተግሣጹን ስለሚፈራ ግን «አንድም ቀን አላጓደልኩም» ይላል። ሐኪሙ አምኖት መድኃኒቱን ከለወጠበት፣ ገና ሊሠራለት ይችል የነበረውን ትቶ ይበልጥ ውድና ይበልጥ ከባድ ወደሆነው ይሻገራል። ያልተናገረው ምክንያትም ወደ አዲሱ መድኃኒት አብሮት ይሻገራል። ሁለተኛዋ በታማኝነት ወስዳለች፤ ነገር ግን ማንም አያምናትም። በመጣች ቁጥር «በሚገባ ውሰጂ» ተብላ ትመለሳለች። ወራት ያልፋሉ፤ በማይሠራው መድኃኒት ሥር ቫይረሱ ግድፈት በግድፈት ላይ ይጨምራል፤ በመጨረሻም የመድኃኒቱ ዘመዶች የሆኑት ሌሎቹም ኃይላቸውን ያጣሉ።

ሁለቱን የጎዳቸው አንድ ነገር ነው። ተግሣጽ የለመደ ሕመምተኛ እውነቱን መናገር ይተዋል፤ ሐሰት መስማት የለመደ ሐኪም ደግሞ እውነተኛዋን ማመን ይተዋል። ነገሩን ለመለየት በቂ ጥበብ ግን አለ። የተለመደው አሠራር የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሎ ሲገኝ ለሦስት ወር ያህል ምክርና ድጋፍ ሰጥቶ ምርመራውን መድገም፣ ካልወረደም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት መለወጥ፣ ወይም ቫይረሱ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ የሚያሳየውን ምርመራ ማድረግ ነው። እነዚህ ሦስት ወራት የሚጠቅሙት ሰውየው በነጻነት መናገር ከቻለ ብቻ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው ደባቂውን ነው። ነገር ግን ሰው ያለ ምክንያት አይደብቅም፤ የገለጠውን ሰው ምን እንዳገኘው ስላየ ነው የሚደብቀው። ስለዚህ የዚህ ተረት ወቀሳ እኩሌታው ለገለጠው ሰው ፊቱን ላዞረ ጎረቤት ሊደርሰው ይገባል።

«ድነሃል» የሚሉ ድምፆች

ጥፋት በእውነት ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱንም በግልጽ መናገር ይገባናል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሲሆን ሰውየው ድኗል ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ጠላቱን አስሮታል ማለት ነው። ማሰሪያው ከተፈታ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ ሕመምተኛውን «በጸሎት ድነሃል፤ ክኒኑን ጣል» የሚል ሰው በሌላው ሕይወት ላይ ይፈርዳል። መድኃኒቱን የጣለው ሰው በእምነት ስላደረገው ዕውቀቱ የተሸፈነ ነው፤ ያዘዘው ግን የሚጠየቅበት ነገር አለ።

ጸሎት መድኃኒትን አይቃወምም፤ መድኃኒትም የጸሎት ጠላት አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው በዚህ ረገድ መልካም ምሳሌ ነው። በእኛም ዘንድ ምሥጢረ ቀንዲልን የተቀበለ ሕመምተኛ በዚያው ምሽት ክኒኑን እንደሚውጥ ሊጠራጠር አይገባም።

ከአንዱ በኋላ ሌላ መድኃኒት አለ

አንድ መድኃኒት መክሸፉ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሕመምተኛ ከክሱ ይልቅ በተስፋ መቁረጥ ይሞታል። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ተደርጎ በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የመጀመሪያው ሕክምናቸው የከሸፈባቸው ሰዎች ዶሉቴግራቪር ወይም ዳሩናቪር ባለበት ሁለተኛ ሕክምና ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ከአሥሩ ዘጠኙ ቫይረሱ እንደገና ታግዶላቸዋል፤ አብረው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹን ቫይረሱ የተላመደባቸው ሰዎች ሳይቀሩ። ብዙ መድኃኒት ለከሸፈባቸው ሰዎች ደግሞ በስድስት ወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጥ ሌናካፓቪር የተባለ መድኃኒት በ2022 በአውሮጳና በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ሆኖም ዶሉቴግራቪርም የማይደፈር ምሽግ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እንዳስታወቀው በልዩ ልዩ አገሮች ጥናቶች ይህን መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ የተገኘው ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶ ሲሆን፣ የቫይረሳቸው መጠን ከፍ ብሎ ሳለ ወደ መድኃኒቱ በተሻገሩ ነባር ሕሙማን ዘንድ 19.6 በመቶ ደርሷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መድኃኒቱን ልንጠብቀው ይገባል፤ ደግሞም ሕክምናው የታወከበት ሰው ሁሉ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶበታል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የቀድሞውን በሰላም የሚውጡበት ቤት ነው።

የሁለተኛና የሦስተኛ ደረጃ መድኃኒቶች ከመጀመሪያው ይልቅ ውድ ናቸው፤ የመላመድ ምርመራውም በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሀብታም በሆነ አገር የሚኖር ሰው ቢከሽፍበት በሚቀጥለው የሚታከም ሲሆን፣ ድሃው በመጀመሪያው ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ይህ በሰዎች እጅ የተሠራ እንጂ ከቫይረሱ የመጣ ልዩነት አይደለም። ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከሕመምተኛው አንሥቶ ወደዚህ ቢያቀና ብዙ ያገኛል።

በተግባር ምን እናድርግ?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የበጎ አድራጎት ማኅበራት አባላት ሆይ፣ ሐኪም እንድትሆኑ የሚጠይቃችሁ የለም። ነገር ግን በእጃችሁ ያለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። «ለምን አልወሰድሽም?» በማለት ፈንታ «እኅቴ፣ ለመውሰድ የሚያስቸግርሽ ምንድን ነው?» ብትሉ መልሱ ይለወጣል። ያን ጊዜ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ መጓጓዣው ገንዘብ፣ ስለ ጨጓራው ክኒን ትሰማላችሁ። ከሰማችሁትም ብዙው ልትረዱበት የምትችሉት ነው። መድኃኒቷን በአደራ የሚያስቀምጥላት ቤት፣ ወደ ሐኪም ቤት አብሯት የሚሄድ ሰው፣ በቀጠሮዋ ቀን ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤት በየቁምስናው አይጠፋም። የሰማችሁትን ግን ለማንም አትናገሩ፤ አንድ ጊዜ የወጣ ምሥጢር የአሥር ሰው አፍ ይዘጋልና።

መድኃኒቱ ሁሉ በእርግጥ ያለቀበት ሰው ቢያጋጥማችሁም ሥራችሁ አያልቅም። ሥቃዩን ማስታገስ፣ መመገብ፣ ማጠብ፣ አጠገቡ መቀመጥ ከሕክምና ያነሱ አይደሉም። በዚያ ሰዓት የማይጠቅመውን ከባድ ሕክምና አልቀበልም ቢል ራሱን እንደ ገደለ አይቆጠርም፤ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ብላ አታስተምርም።

እንግዲህ በመነሻችን ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መድኃኒቱ ኃይሉን ሲያጣ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የሕመምተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሌላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የማንም አይደለም። ኃላፊነቱ ግን ዘወትር የብዙዎች ነው። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ደግሞ ሰውየው ሳይፈራ ሲነግረን ነው።